የልጁን «ለምን?» ማን ይመልስለት?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተኮልኩለን ማኪያቶ እየጠጣን ነበር (ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ገና አልተስማማንም)። ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንዲት እናት አራት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ይዛ ተቀመጠች። መቼም የሰው ወሬ መስማት ነውር ነው፤ እኛ ግን ሰማን። «ካም ሂር!»፣ «ሲት ዳውን!»፣ «ዶንት ታች!»፣ «ኢት ዩር ኬክ!»። ልጁ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ። መጣ፣ ተቀመጠ፣ አልነካም፣ ኬኩንም በላ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

ከዚያ ዝናብ ጀመረ። ልጁ አንጋጦ ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ አዳመጠና «ማሚ፣ ዋይ ኢዝ ኢት ሬይኒንግ?» ብሎ ጠየቀ።

እናት ትንሽ አሰበች። «ቢኮዝ…» አለች። ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ቃል ግን አልመጣም። «ቢኮዝ ኢት ኢዝ ሬይኒንግ!» ልጁ አልተዋጠለትም። «ዋይ?» አለ እንደገና። እናት ቦርሳዋን ከፈተች፣ ስልኳን አወጣች፣ ዩቲዩብ ከፈተችለት። ጥያቄው እዚያው ሞተ።

ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። አስተናጋጇ ሒሳብ ልትቀበል ስትመጣ እናቲቱ በጠራ አማርኛ «ከጠዋት ጀምሮ ሲያፍነን የዋለው ሙቀት ለካ ይሄን ሊያመጣ ነው! ደመናው በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር አይቼው ነበር» እያለች ስታጫውታት ሰማን። መልሱን ታውቀው ነበር ማለት ነው! ሙቀቱን፣ ደመናውን፣ በየት በኩል እንደመጣ ጭምር። ለአስተናጋጇ የነገረችውን ለገዛ ልጇ ያልነገረችው ሳታውቅ ቀርታ ሳይሆን፣ ለልጇ የመደበችው ቋንቋ ስላልበቃት ነው።

ይህን የምንጽፈው እናቲቱን ለመቦጨቅ አይደለም። እሷን የመሰለ በየቤታችን አለ። አንዳንዶቻችን እህቶች አሉን፣ አንዳንዶቻችን ራሳችን ነገ ወላጆች ነን። ምክንያቷም ይገባናል። እንግሊዝኛ በዚህች ከተማ እንጀራ ነው። የሥራ ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ነው፣ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው፣ የውጭ ዕድሉም በእንግሊዝኛ ነው። ከመካከላችን አንዷ የተማረችበት ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያወራ የተገኘ ተማሪ ይቀጣ ነበር፤ ቅጣቱን ፈርታ በእረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር በጥቅሻ ታወራ እንደነበር ዛሬ እየሳቀች ትነግረናለች። ያኔ ግን አላሳቃትም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ትውልድ ልጁን ከጡጦ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ቢያሳድግ ምን ይገርማል?

እንግዲህ ክርክራችን «እንግሊዝኛ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» አይደለም። ይጠቅማል፣ ነጥብ። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልጁ እንግሊዝኛ እንዲያውቅ ብለን የምንከፍለው ዋጋ ከወላጁ ጋር የሚያደርገው ጨዋታ ከሆነ፣ አትራፊ ነን ወይስ ከሳሪ?

ስክሪን አፍ ይፈታል?

አማርኛችን የመጀመሪያ ቋንቋን «አፍ መፍቻ» ይለዋል። ደስ የሚል ስም ነው። የታሰረ ነገር አለ፣ የሚፈታው አለ። ለመሆኑ ማን ነው የሚፈታው?

እዚህ ላይ አሜሪካ ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙትን ጥናት እናንሳ። የ9 ወር ሕፃናትን ወሰዱ፤ ቤታቸው የሚነገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ከፊሎቹን ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር 12 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 25 ደቂቃ ያህል አገናኟቸው። ሰዎቹ መጽሐፍ እያሳዩ፣ በአሻንጉሊት እያጫወቱ በቻይንኛ አወሯቸው። ሌሎቹ ሕፃናት ደግሞ እነዚያኑ ሰዎች፣ ያንኑ ወሬ ሲያወሩ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ቅጂ ብቻ እንዲከታተሉ ተደረገ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ከሰው ጋር የተጫወቱት ሕፃናት በእንግሊዝኛ የሌለ የቻይንኛ ድምፅን መለየት ቻሉ፤ ያውም ታይዋን ተወልደው ካደጉ ሕፃናት ባልተናነሰ ሁኔታ። ቪዲዮውን ያዩትና ቅጂውን የሰሙትስ? ምንም! ቻይንኛ ጭራሽ ካልሰሙት ሕፃናት አልተለዩም። ሰዎቹ ያው፣ ቃሉ ያው፣ ደቂቃውም ያው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሕፃኑ ሲያይ የሚያየው፣ ሲስቅ የሚስቅለት፣ ሲጠቁም ጣቱን ተከትሎ የሚናገርለት ሰው።

ጊዜው አጭር መሆኑም መታወቅ አለበት። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳዩት፣ የ6 እና የ8 ወር ሕፃን ወላጆቹ የማይናገሩትን ቋንቋ ድምፆች ሳይቀር ይለያል። ዓመቱን ሊደፍን ሲቃረብ ግን በዙሪያው የማይሰማውን ድምፅ መለየት ይሳነዋል። «ቀበረ» እና «ከበረ» ማለት የሚቸግረውን ፈረንጅ ጓደኛችንን አስቡት። ተከብሮ ይሁን ተቀብሮ የሚያውቀው ራሱ ብቻ ነው! እኛ ይህን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም። እናቶቻችን፣ ሞግዚቶቻችን፣ የሠፈራችን ሴቶች እያቀፉ ሲያወሩን ጆሯችን ውስጥ ገባ።

«ታዲያ ልክ ነዋ! ጆሮው ሳይዘጋ እንግሊዝኛውን እናስገባለት» የሚለን አይጠፋም። እሺ፣ ግን በማን አንደበት? ሲልቪያ ፕሌስና ኤሪካ ሆፍ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ እየሰሙ የሚያድጉ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሕፃናትን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለልጆቹ እንግሊዝኛ ይበልጥ የጠቀመው ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ከሆነ ሰዎች የሰሙት እንደሆነ አሳይተዋል። ያስተውሉ፤ ይህ የሆነው እንግሊዝኛ በየመንገዱ በሚነገርበት አገር ነው። ትእዛዝ ከመስጠት በማያልፍ እንግሊዝኛ ልጅ ስናሳድግ የምንሰጠው እንግሊዝኛውንም በቅጡ አይደለም ማለት ነው። አማርኛውን ከለከልነው፣ እንግሊዝኛውን አልሰጠነውም። የቀረውን ዩቲዩብ እንዲሞላው ተውንለት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። የእኛ ልጆች አንዱን ሰዓት ቁርስ ላይ ነው የሚጨርሱት።

የቃል ብዛት ሳይሆን ምልልስ

እ.ኤ.አ. በ1995 ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ 42 ቤተሰቦችን ለዓመታት እየቀረጹ ያጠናቀሩትን ጥናት አሳተሙ። የባለሙያ ልጆች አራት ዓመት እስኪሞላቸው ከድሃ ልጆች በ30 ሚሊዮን የሚበልጥ ቃል ይሰማሉ የሚለው ስሌታቸው ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ግን ብዙ ተተቸ። 42 ቤተሰብ ትንሽ ነው፤ ደግሞም ልጅ የሚሰማው ከእናቱ ብቻ አይደለም፣ ከአያትም፣ ከጎረቤትም ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ዳግላስ ስፔሪና ባልደረቦቹ በሌሎች ማኅበረሰቦች ሲሞክሩት ያንን የመሰለ ክፍተት አላገኙም። (በግቢው አምስት ቤተሰብ እየኖረ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ትችት አይገርመውም።)

የበለጠ የገረመን ግን በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ነው። ሬቸል ሮሚዮና ባልደረቦቿ አሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው 36 ልጆች ቤት ውስጥ የሚሰሙትን ቀረጹ፤ ከዚያም ልጆቹ ተረት ሲሰሙ አንጎላቸው እንዴት እንደሚሠራ በመሣሪያ ተመለከቱ። ከልጆቹ የአንጎል ሥራ ጋር ተያይዞ የተገኘው የሰሙት ቃል ብዛት አልነበረም። ምልልሱ ነበር። ልጁ ይናገራል፣ አዋቂው ይመልሳል፣ ልጁ ደግሞ ይቀጥላል። ምልልስ የበዛላቸው ልጆች ቋንቋን የሚያስተናግደው የአንጎላቸው ክፍል ይበልጥ ይሠራ ነበር፤ ቤተሰቡ ሀብታምም ሆነ ድሃ!

ይሄ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው። ምልልስ በወርኃዊ ክፍያ አይገዛም፣ በዶላር አይመጣም። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ልብስ እያጠቡ የሚደረግ ነገር ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዋቂው መልስ የሚሰጥበት ቋንቋ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ ካፌው ልጅ እንመለስ። ብራንዲ ፍሬዚየር፣ ሱዛን ጌልማንና ሄንሪ ዌልማን እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ትንንሽ ልጆች «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ለማድረቅ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። ምክንያት የሚያስረዳ መልስ ሲያገኙ ይረካሉ፣ ወይም ከዚያው ተነሥተው ሌላ ጥያቄ ይጨምራሉ። መልስ የማይመስል መልስ ሲሰጣቸው ግን ያንኑ ጥያቄ ይደግሙታል፣ ወይም የራሳቸውን ምክንያት ይፈጥራሉ። ያ ልጅ «ዋይ?» ብሎ የደገመው ጥጋበኛ ስለሆነ አልነበረም። መልሱ መልስ እንዳልሆነ ስለገባው ነው። እኛ ጋዜጠኝነት ተምረን ተመርቀንም ለባለሥልጣን መድገም የሚያስፈራንን ጥያቄ በአራት ዓመቱ ይደግመዋል። ጎበዝ! ይህን የመሰለ ጭንቅላት ስልክ ይዞ ዝም ሲል ማየት አያሳዝንም?

እኛስ ንጹሕ ነን?

እዚህ ላይ ጣታችንን በእንግሊዝኛ ላይ ብቻ ቀስረን ብንጨርስ ውሸታሞች እንሆናለን። አማርኛ በሚነገርበት ቤትስ ልጅ ይመለስለታል? «ዝም በል!»፣ «ትልቅ ሰው ሲያወራ አትግባ!»፣ «ነገረኛ!»፣ «ምላሳም!»። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚል ተረት ይዘን እኮ ነው ያደግነው። በአማርኛ የተሰጠ ትእዛዝም ትእዛዝ ነው፤ «ሲት ዳውን» ወደ «ቁጭ በል» ስለተቀየረ ምልልስ አይሆንም።

ግን ደግሞ ሌላም ነገር ነበረን። ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብለን እንመልሳለን። ጠያቂዋ ትጠይቃለች፣ እንሞክራለን፣ እንሳሳታለን፣ ካቃተን «አገር ስጭኝ» እንባላለን፣ ጎንደርን ሰጥተን መልሱን እንሰማለን። ዛሬ በመሣሪያ የሚቆጠረው ምልልስ ይሄው አይደል? አያቶቻችን ስሙን አያውቁትም ነበር እንጂ ሥራውንስ ይሠሩት ነበር።

ከመካከላችን የአንዷ እናት ባለፈው የገና በዓል ከደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እንቆቅልሽ ጀመሩ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ደገሙላት። ዞር ብላ እናቷን «ዋት ኢዝ ሺ ሴይንግ?» አለቻት። እትዬ አልተቆጡም። «አይ፣ ተዪያት፣ እኔ ነኝ ያልተማርኩት» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እስከሚሄዱ ድረስ ሌላ እንቆቅልሽ አልጠየቁም። ያን ቀን ያፈርነው ሁላችንም ነን።

በነገራችን ላይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችን ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ይዘው አማርኛ ትምህርት ይሮጣሉ። ሊሊ ዎንግ ፊልሞር እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ ስደተኛ ቤተሰቦች ላይ ባሳተመችው ጥናት፣ ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚነገርበት መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ የቤታቸውን ቋንቋ እንደሚጥሉ፣ ከዚያም ወላጅና ልጅ ቁም ነገር የሚያወሩበት ቋንቋ እንደሚያጡ አስጠንቅቃ ነበር። እነሱ ተሰደው የሚታገሉትን እኛ እዚሁ ተቀምጠን እየከፈልን እንገዛዋለን።

አማርኛ ብቻ አይደለም

ሌላም ሐቅ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አፉን በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በትግርኛ የፈታ ብዙ ልጅ አለ። ለእነሱ «እንግሊዝኛ» እያልን ያማረርነው ነገር አማርኛ ሆኖ የገጠማቸው ዘመን ነበር። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአማርኛ ጥብቅና አይደለም። ክርክራችን ስለማንኛውም ልጅና እናቱ አሳምራ ስለምትናገረው ቋንቋ ነው።

ማስረጃውም አገራችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። ራጄሽ ራማቻንድራን የተባለ ተመራማሪ ይህን ለውጥ ተጠቅሞ፣ ቋንቋው የተቀየረላቸውን የኦሮምኛ ተናጋሪዎች ከአማርኛ ተናጋሪዎች ጋር አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ በአፍ መፍቻ መማር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማንበብ የሚችሉትን ሰዎች ቁጥር እንደጨመረ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ትምህርት ሚኒስቴር ያስጠናው ጥናት ነበር፤ ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ የሠሩት። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻቸው የተማሩ ልጆች ቀደም ብለው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት ይልቅ በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ምሥጢሩ አስማት አይደለም። መምህሩ የሚያስረዳበት፣ ተማሪው «አልገባኝም፣ ለምን?» የሚልበት ቋንቋ ነበራቸው። ከካፌው ጠረጴዛ እስከ 8ኛ ክፍል ነገሩ ያው ነው።

«ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል» የሚለውን ስጋትም እንዝጋው። እ.ኤ.አ. በ1923 ዌልስ ውስጥ የተሠራ ጥናት ሁለት ቋንቋ ልጅን ያዘገያል ብሎ ብዙዎችን አሳምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት ሞንትሪያል ውስጥ የ10 ዓመት ልጆችን የኑሮ ደረጃቸውን አመጣጥነው ሲያወዳድሩ ሁለት ቋንቋ አዋቂዎቹ በልጠው ተገኙ። ሁለት ቋንቋ ብልህ ያደርጋል የሚለው ደግሞ ዛሬም ያከራክራል። ሳይንሱ የሚያረጋግጥልን ልጅ ሁለትም ሦስትም ቋንቋ ሳይጎዳ መያዝ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ማንም «ወይ ይሄ ወይ ያ» አላለንም። ምርጫውን የፈጠርነው ራሳችን ነን።

እንግዲህ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ ነገ ለምንወልደው ለእኛም ጭምር የምንለው ይህን ነው። ልጁ እንግሊዝኛውን አሳምሮ ከሚናገር መምህር፣ ከመጽሐፍ፣ ከጓደኛ ይማር። አባቱ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚፈስለት ከሆነም አባቱ ያውራው። እናት ግን በምታልምበት፣ በምትቀልድበት፣ በምትናደድበት ቋንቋ ታውራው። ልጃችሁን ለማስመዝገብ ስትሄዱ ደግሞ ከክፍያው ቀጥሎ «አማርኛ ያወራ ልጅ ምን ይደረጋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቅጣት ከሆነ፣ ገንዘባችሁን የምትከፍሉት ልጃችሁ ዝም እንዲልላችሁ መሆኑን እወቁ።

ዝናብ ለምን ይዘንባል? ውኃ በፀሐይ ይሞቃል፣ ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲደርስ ይበርደዋል፣ ደመና ይሆናል፣ ሲከብድ ይወርዳል። ድስት ክዳን ላይ የሚጠራቀመውን ላብ ማሳየት ይበቃል። የካፌዋ እናት ይህን ከእኛ አሳምራ ትነግረው ነበር። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ «ፀሐይስ ለምን ትሞቃለች?» ይላል።

ያኔ ካቃታችሁ አገር ስጡት።

ቸር እንሰንብት!